የሳኔቲ አምባና የጠፋው በረዶ፦ የባሌ ተራሮች ገጽታ በካርታ ሲነበብ

የባሌ ተራሮች በቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህም ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ጫፎች አንዱ ነው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳኔቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከሚገኙት የውርጭ ምድሮች መካከል በስፋቱ የሚስተካከለው የለም። ስለዚህ አካባቢ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአመዛኙ ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ትልቁ ፍልፈል፣ ስለ ደጋ አጋዘኑና ስለ ሐረና ጫካ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩበት ምድር የዛሬ መልኩን እንዴት እንደያዘ የሚጠይቅ ጽሑፍ በአማርኛ እምብዛም አይገኝም። የዚህ የጉዳይ ጥናት ዓላማ፣ ተመራማሪዎች የአካባቢውን የመሬት ቅርጾች አንድ በአንድ እየለዩ በካርታ ላይ በማስፈር ለዚህ ጥያቄ ያገኙትን መልስ ከነማስረጃውና ከነክርክሩ ማቅረብ ነው።

ጥያቄውን አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ በሳኔቲና በዙሪያው የሚታየው እያንዳንዱ ቅርጽ ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው መቻሉ ነው። በሣር መሀል ብቻውን የተቀመጠ ግዙፍ ድንጋይ ከአጠገቡ ካለ ገደል ተፈንቅሎ የወደቀ ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው የነበረው አለት ተፈርፍሮ ሲያልቅ እዚያው ባለበት የቀረም ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ በበረዶ ግግር ተሸክሞ የመጣም ሊሆን ይችላል። በሸለቆ አፍ ላይ ያለ የድንጋይና የአፈር ጉብታም እንዲሁ የመሬት መንሸራተት ውጤት ወይም የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመረው፣ ሞሬን የሚባለው ክምር ሊሆን ይችላል። አንዱን ቅርጽ ለብቻው አጥብቆ መመርመር አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሰጥም። መልሱ የሚገኘው ቅርጹ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛውን ቅርጽ እንደሚቆርጥና በየትኛው እንደሚቆረጥ ሲታወቅ ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አሰናድቶ የሚያሳይ መሣሪያ ደግሞ ካርታ ነው።

ከላቫ የተሠራው መነሻ

የባሌ ግዙፍ አካል የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በዘመናት ብዛት እየተደራረበ የፈሰሰ ላቫ፣ በተለይም ባዛልትና ትራካይት፣ ከዙሪያው ምድር በእጅጉ ከፍ ያለ፣ አናቱ ግን ሾጣጣ ያልሆነ ሰፊ አምባ ፈጠረ። በአምባው ላይ እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ጉብታዎች እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። በሰሜን በኩል እንደ ቶጎናና ሐርቻ ያሉ ሸለቆዎች ከአምባው ጠርዝ ተነስተው ወደ ጎባና ሮቤ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ምድሩ በሐረና ገደላማ ጠርዝ በድንገት ወደ ጫካው ይዘቀዘቃል።

ይህ መነሻ ለቀጣዩ ታሪክ ወሳኝ ነው። ጫፉ ሹል የሆነ ተራራ ሲቀዘቅዝ በረዶ የሚያጠራቅምበት ስፍራ ጠባብ ነው። ባሌን የመሰለ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ግን በረዶ የሚጸናበት ከፍታ ጥቂት ዝቅ ብሎ የአምባውን ደረጃ ካለፈ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬት በረዶ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ብሩኖ ሜሰርሊና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባሌን የጥንት በረዶ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ትልቁ እንደነበረ የገለጹትም ይህን ሰፊ አናት ይዘው ነው።

ካርታው ምን ያሳያል?

ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ 1፡50,000 የመልክአ ምድር ካርታ ከፍታን በኮንቱር መስመሮች ያሳያል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። በዚህ መጠን 15 ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ረድፍ በወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውፍረቱ 2 ሜትር ከሆነም አንድም የኮንቱር መስመር አያንቀሳቅስም። የሳኔቲን ምስጢር የያዙት ቅርጾች አብዛኞቹ በተለመደው ካርታ ላይ የሉም ማለት ነው።

ጂኦሞርፎሎጂያዊ ካርታ የሚባለው፣ ማለትም የመሬት ቅርጾችን ከነአፈጣጠራቸው የሚያሳየው ካርታ፣ ከፍታውን እንደ መነሻ ይዞ ሌሎች ነገሮችን ይጨምርበታል፤ የቅርጹን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቁስ፣ የሠራውን ኃይልና ኃይሉ ዛሬም እየሠራ መሆኑን ወይም ካቆመ መቆየቱን። ሥራው የሚጀምረው ከሳተላይትና ከአውሮፕላን በተነሱ ምስሎች ላይ ነው፤ በምስሉ የታየው ግን በእግር ተኪዶ ካልተረጋገጠ ግምት ሆኖ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ፍጹም ሞሬን የሚመስል ቅስት መሬት ላይ ሲደረስበት የላቫ ፍሰት ጠርዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ውስጣቸው ነው፤ የላቫው ጠርዝ ከአንድ ዓይነት አለት የተሠራ ወጥ አካል ሲሆን፣ በሞሬኑ ውስጥ ግን ከግዙፍ ድንጋይ እስከ ድቃቂ አፈር ድረስ ያለው ሁሉ ሳይደረደር፣ ሳይለይ ተደባልቆ ይገኛል። ውኃ የተሸከመውን በመጠን በመጠኑ እየለየ ያስቀምጣል፤ በረዶ ግን ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ይሄድና ሲቀልጥ እንደ ያዘው ይጥለዋል።

በባሌ ይህን ሥራ አስፍተው ካከናወኑት መካከል ሄንሪ ኦስማስተንና ባልደረቦቹ ይገኙበታል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ጥናት በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ቢያንስ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ የበረዶ ቆብ እንደነበረና በአጠቃላይ በበረዶ የተሸፈነው ምድር ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ አሳዩ። በዚህ ካርታ ላይ ትኩረት የሚስበው፣ የበረዶው ምልክት በሁሉም ስፍራ እኩል ጉልህ አለመሆኑ ነው። በሰሜን ሸለቆዎች ውስጥ በረዶው በጠባብ መንገድ ተጨምቆ ስለተጓዘ ጎንና ጎኑን ፍቋል፣ ጫፉ ላይም ቅስት ክምር ትቷል። በአምባው ላይ ግን ስስና ሰፊ ሆኖ የተቀመጠው በረዶ የሚገፋው ተዳፋት ስላልነበረው ብዙም አልቦረቦረም፤ እዚህ ማስረጃው በረዶው ከሩቅ ተሸክሞ አምጥቶ በየቦታው የበተናቸው ባይተዋር ድንጋዮችና ዝቅ ያሉ ክምሮች ናቸው። ምልክት ጠፍቷል ማለት በረዶ አልነበረም ማለት እንዳልሆነ መረዳት ከዚህ ሥራ ከሚገኙት ትምህርቶች ሁሉ የሚከብደው ይመስለኛል፤ ካርታ ሠሪው ያላየውን መሳል አይችልም፣ ባዶ የተወው ስፍራ ደግሞ አንባቢው ዘንድ «በረዶ ያልነካው» ተብሎ ይወሰዳል።

ቅደም ተከተሉና ዕድሜው

ሞሬኖች በካርታ ላይ ከሰፈሩ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ቅደም ተከተላቸው ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ተከታትለው የቆሙ ቅስቶች ካሉ፣ የታችኛው ከሁሉም ይቀድማል፤ ምክንያቱም የበረዶ ግግር እንደገና ገፍቶ ወደ ታች ቢመጣ ኖሮ ከላይ ያሉትን ትናንሽ ክምሮች ጠራርጎ በወሰዳቸው ነበር። እነሱ ሳይነኩ መቆማቸው ከተሠሩ ወዲህ በረዶው አልፏቸው እንዳልወረደ ይመሰክራል። ይህ አመክንዮ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ካርታ ብቻ ይበቃዋል። የማይነግረን ዓመቱን ነው፤ በሁለት ቅስቶች መካከል ያለፈው ጊዜ አምስት መቶ ዓመት ይሁን አምስት ሺህ ከቅርጹ አይታወቅም።

ዓመቱን ለማወቅ አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ የተጠቀሙት ዘዴ ክሎሪን 36 በሚባለው አተም ላይ የተመሠረተ ነው። ከህዋ የሚመጣ ጨረር ለአየር በተጋለጠ አለት ላይ ሲያርፍ በአለቱ ውስጥ ያሉትን የካልሲየም፣ የፖታሲየምና የክሎሪን አተሞች እየመታ ይህን ብርቅ የክሎሪን ዓይነት ይፈጥራል። በበረዶና በአለት ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ድንጋይ፣ በረዶው ቀልጦ ሞሬኑ ላይ ሲቀመጥ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከድንጋዩ አናት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስባሪ ተወስዶ በውስጡ የተጠራቀመው ክሎሪን 36 ሲለካ፣ ድንጋዩ ለሰማይ ተጋልጦ የቆየበት ዘመን ይሰላል። ባሌን ለመሰለ ከባዛልትና ከትራካይት ለተሠራ ተራራ ይህ ዘዴ ተስማሚ ነው፤ ሌላው የተለመደ ዘዴ የሚፈልገው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በነዚህ አለቶች ውስጥ አይገኝምና።

እዚህ ላይ የካርታው ጥራት የዕድሜውን ጥራት ይወስናል። ናሙና የሚወሰድበት ድንጋይ ትልቅ፣ መሠረቱ የጸና፣ ከሞሬኑ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት። በሞሬኑ ጎን ላይ ያለ ድንጋይ ከዓመታት በኋላ ተንከባልሎ ሌላ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅ ያለ ድንጋይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በአፈር ተሸፍኖ ቆይቶ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ቆየት ብሎ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ሁኔታ የሚገኘው ዕድሜ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። በተቃራኒው ከገደል ላይ ሆኖ ለረጅም ዘመን ለጨረር ተጋልጦ ኖሮ በኋላ በበረዶው ላይ የወደቀ ድንጋይ ከሞሬኑ የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል። በሳኔቲ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ትልቁ ፍልፈል። በባሌ ብቻ የሚኖረው ይህ እንስሳ አፈሩን ያለማቋረጥ እየቆፈረ ይገለብጠዋል፣ ጉብታ ይሠራል፣ ዝቅ ያሉ ቅርጾችን ጠርዝ ያደበዝዛል። ካርታ ሠሪው የፍልፈልን ጉብታ ከበረዶ ሥራ መለየት ብቻ ሳይሆን፣ ፍልፈሉ ያልነካው ድንጋይ የትኛው እንደሆነም ማሰብ ይኖርበታል።

የተገኘው ውጤት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። የባሌና የአርሲ ተራሮች የበረዶ ግግሮች ከፍተኛ ስፋታቸው ላይ የደረሱት ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ይህ ያልተጠበቀ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በዓለም ደረጃ የአህጉራት በረዶ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። በዩጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ በሚገኙት የርዌንዞሪ ተራሮችም ከተመረመሩት ሞሬኖች ውስጥ ከ25 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ስላሉ፣ እዚያ በረዶው በዚሁ የዓለም ቅዝቃዜ ጊዜ ሰፍቶ እንደነበር ታውቋል። በአንድ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ተራሮች ለአንድ ዓለም አቀፍ ቅዝቃዜ በአንድ መልክ አልመለሱም።

ምክንያቱን ስናስብ የበረዶ ግግር በብርድ ብቻ እንደማያድግ ማስታወስ ይገባል። ብርድ የወደቀውን በረዶ ከመቅለጥ ይጠብቀዋል፤ የሚወድቀው በረዶ ግን ከእርጥበት ይመጣል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ዝናብ ከቀነሰ ግግሩ ይከሳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ሰፊ ክፍል በዓለም አቀፉ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ጊዜ ደርቆ እንደነበር ከሐይቆች የተገኙ ማስረጃዎች ያሳያሉ፤ ስለዚህ በባሌ ላይ ቀደም ብሎ፣ ብርዱ እየበረታ እርጥበቱም ገና ሳይሸሽ፣ በረዶው መስፋቱ ስሜት ይሰጣል። ከዚህ ላይ የተራራው አቀማመጥ ይጨመራል፤ የባሌ ደቡባዊ ገጽ ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ የሚመጣውን እርጥብ አየር ይቀበላል፣ ሰሜኑ ይበልጥ ደረቅ ነው።

ከበረዶው ወሰን ተነስቶ የሙቀቱን ለውጥ ማስላትም ተችሏል። ሞሬኖቹ የግግሩን ጠርዝ ካሳዩ በኋላ የግግሩ ገጽ ይሠራል፤ ከዚያም በረዶ በሚጠራቀምበትና በሚቀልጥበት ክፍል መካከል ያለው መስመር በየትኛው ከፍታ ላይ እንደነበረ ይገመታል። በዚህ መንገድ በከፍተኛው የበረዶ ዘመን የባሌ ሙቀት ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6.0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያለ እንደነበረና የውርጭ ዕፅዋት ቀበቶ ወደ 700 ሜትር ያህል እንደወረደ ተሰልቷል። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይስማማሉ፤ በተራራ ላይ በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ የሙቀት ልዩነት ስላለ፣ 700 ሜትር መውረድ ከአራት ዲግሪ በላይ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ዛሬ አስታና ጓሳ የሚያበቅለው ከፍታ ያኔ ከአሁኑ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው።

በረዶው መቼ ለቀቀ የሚለውን ደግሞ ጋርባ ጉራቻ የተባለው ትንሽ ሐይቅ ይመሰክራል። ሐይቁ ወደ 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የበረዶ ግግር ራሱ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ወለል ያወጡት ደለል ከ16 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የአካባቢውን የዕፅዋት ታሪክ ይዟል። ጉድጓዱ በበረዶ ተሞልቶ ሳለ ደለል ሊጠራቀምበት ስለማይችል፣ የደለሉ መጀመሪያ በረዶው ከዚያ ስፍራ ከለቀቀበት ጊዜ በኋላ መሆን አለበት። የሞሬኑ ድንጋይ በረዶው የት እንደደረሰ ይናገራል፤ የሐይቁ ደለል ደግሞ በረዶው ከየት እንደጠፋ። በካርታው ላይ ሁለቱ ነጥቦች የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ሆነው ይቀመጣሉ።

የድንጋይ ረድፎቹ

ሞሬኖቹና ሐይቁ ምንም ያህል አስደናቂ ቢሆኑ በሌሎች ተራሮች አምሳያ አላቸው። በሳኔቲ መካከለኛ ክፍል የሚገኙት የድንጋይ ረድፎች ግን በሐሩር ክልል እስከዚያ ድረስ የማይታወቁ ነበሩ። ርዝመታቸው እስከ 1,000 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ውፍረታቸው እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ለዘብ ባለ ተዳፋት ላይ ከላይ ወደ ታች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሣርና ቁጥቋጦ የበቀለበት ድቃቂ አፈር አለ። ወደ አንዱ ተጠግቶ ያየ ሰው፣ ድንጋዮቹ ያለ አፈር እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው፣ ማዕዘናቸው ሳይሟሽሽ፣ ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ወይም ጋደም ብለው እንደቆሙ ያያል። ጅረት የሠራቸው ቢሆኑ ድንጋዮቹ ክብ ክብ ይሆኑ ነበር፤ ከገደል የወረደ ናዳ ቢሆኑ እንዲህ እኩል በሚባል ርቀት ተለያይተው አይሰለፉም ነበር።

በቀዝቃዛ አገሮች እንዲህ ዓይነቱ ረድፍ የሚፈጠረው ውኃ የጠጣ አፈር ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ነው። የሚቀዘቅዝ ውኃ አፈሩን ያሳብጠዋል፣ ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ ድቃቂው አፈር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ድንጋይና አፈር ይለያያሉ፤ በሜዳ ላይ ክብ ክብ ቅርጽ፣ በተዳፋት ላይ ደግሞ ረድፍ ይሠራሉ። የረድፉ ስፋት ብርዱ ወደ አፈሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ይከተላል። በጣት ጥልቀት የሚቀዘቅዝ አፈር የጣት ስፋት ያላቸውን መስመሮች ይሠራል፤ በሜትር የሚለኩ ድንጋዮችን ለማንቀሳቀስና 2 ሜትር ውፍረት ያለው ረድፍ ለመሥራት ግን ብርዱ በዚያው ልክ መጥለቅ አለበት።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። በሐሩር ክልል ተራሮች ላይ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በክረምትና በበጋ መካከል ካለው ይበልጣል። ሌሊት ውርጭ የጣለበት የሳኔቲ አፈር ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፤ ብርዱ ወደ ውስጥ ለመግባት ሌሊቱ አይበቃውም። ተመራማሪዎቹ የአካባቢውን አፈር ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን ከዝቅተኛ ስፍራዎች እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ቀብረው ሲከታተሉ ያገኙት፣ የላይኛው የአፈር ገጽ በዓመት ከ35 እስከ 90 ሌሊት ብቻ ውርጭ እንደሚይዘውና ይህም ጥልቀት እንደሌለው ነው። ዛሬ በሳኔቲ ላይ ያለው የብርድ ሥራ ከዚህ የላይ ላይ የሌሊት ውርጭ አያልፍም። ረድፎቹ ስለዚህ የዛሬ ሥራ አይደሉም፤ ከድንጋዮቹ የተወሰደው የክሎሪን 36 ልኬትም የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቅርስ መሆናቸውን ይደግፋል።

የካርታው ጠቀሜታ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ረድፎቹ ከበረዶ ቆቡ ጋር በአንድ ሉህ ላይ ሲቀመጡ፣ የበረዶ ግግር በላያቸው ቢያልፍ ኖሮ እንዲህ ተሰልፈው ሊቆሙ እንደማይችሉ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ ወይ በረዶው ያልደረሰበት የአምባው ክፍል ላይ፣ በግግሩ አጠገብ ተሠርተዋል፤ ወይም ግግሩ ከለቀቀ በኋላ ብርዱ ገና ሳይሸሽ ተሠርተዋል። በሁለቱም መንገድ የአምባው አንድ ክፍል በበረዶ ሲሸፈን ሌላው ክፍል ደግሞ ባዶውን ለብርድ ተጋልጦ፣ ከሥሩ ምናልባትም ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ አፈር ይዞ እንደነበረ ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፣ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበትም ይመስለኛል። ከበረዶ ግግሩ የተሰላው ቅዝቃዜ ከ4.4 እስከ 6.0 ዲግሪ ነው። የዛሬው የሳኔቲ አፈር አማካይ ሙቀት ግን ከዜሮ በብዙ ዲግሪ ከፍ ያለ ነው፤ ጥቁሩና ዕፅዋት የሳሳበት አፈር ቀን ላይ በጠራ ሰማይ ሥር ፀሐይን ስለሚጠጣ ከአየሩ ይሞቃል። ከዚህ አፈር ሙቀት ላይ የአየሩን ቅዝቃዜ ያህል ብቻ ብንቀንስ ረድፎቹን የሚሠራ ጥልቅ ብርድ አናገኝም። የመሬቱ ሙቀት ከአየሩ ይበልጥ መቀነስ ነበረበት፣ የወቅቶች ልዩነትም ከዛሬው መስፋት ነበረበት ማለት ነው። ይህ ምናልባት የአጠገቡ በረዶ ከሚያፈሰው ቀዝቃዛ አየር፣ ከበረዶ ሽፋን ወይም ከደመናው ለውጥ ጋር የተያያዘ ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ቅርጾች፣ ሞሬኑና ረድፉ፣ ስለ አንድ ዘመን ሲጠየቁ ሙሉ በሙሉ አለመስማማታቸው የካርታውን ድክመት አያሳይም፤ ሁለቱም ባይሳሉ ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር።

በበረዶው ሥር የኖሩ ሰዎች

ካርታው ለሌላ የምርምር ዘርፍም መንገድ ከፍቷል። ከአምባው በስተምዕራብ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበረ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዋሻው ውስጥ የተገኙት የተጠበሱ አጥንቶች በብዛት የትልቁ ፍልፈል ናቸው፤ መሣሪያዎቹ የተሠሩበት ባልጩት ደግሞ የመጣው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የዋሳማ ተረተር ነው።

እነዚህን ቀኖች ከበረዶው ቀኖች ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አብዛኛው ዘመናቸው ይገናኛል። ሰዎቹ በባሌ የተጠቀሙት በረዶው ከፍተኛ ስፋቱ ላይ በደረሰበት ወቅትም ጭምር ነበር። ያለ ካርታ ይህ አባባል ለማመን ይከብድ ነበር፤ «ተራራው በበረዶ ተሸፍኖ ነበር» የሚል አጠቃላይ ዓረፍተ ነገር ለሰው ቦታ አይተውምና። የበረዶው ወሰን ተለይቶ ሲሰመር ግን ዋሻው ከወሰኑ ውጭ፣ ከግግሩ ከሚቀልጠው ውኃ ብዙም ሳይርቅ፣ ፍልፈል ሊኖርበት በሚችል በረዶ አልባ ምድር ዳር እንደነበረ ይታያል። የባልጩቱ መገኛም ቢሆን ሰዎች እየሄዱ የሚደርሱበት ስለነበር ሁልጊዜ በበረዶ ሥር የተቀበረ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህ የአርኪዮሎጂ ግኝት ተመልሶ የበረዶውን ካርታ ለመፈተሽ የሚያገለግል ነጥብ ይሆናል። በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ውበት ይህ መመላለስ ነው፤ የመሬቱ ቅርጽ የሰዎቹን ታሪክ እንዲያስረዳ ተጠራ፣ የሰዎቹ ድንጋይ ደግሞ ስለ መሬቱ ቅርጽ ምስክር ሆነ።

ከካርታው ወደ ጥበቃው

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መሠረት የሆኑት መስፈርቶች የተፈጥሮ ውበቱና የብዝኃ ሕይወት ሀብቱ ናቸው። ለምድር ታሪክና ለመሬት ቅርጾች የተለየው መስፈርት በምዝገባው ውስጥ የለም። ምዝገባው ተገቢና የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ የሚጠበቀው በጽሑፍ የተጠቀሰው ነው። ቀይ ቀበሮው በየዓመቱ ይቆጠራል፣ ይታከማል፣ ክትባት ይሰጠዋል፤ የድንጋይ ረድፉን ግን የሚያውቀው የፓርክ ሠራተኛ እንኳ ጥቂት ነው። ለመንገድ ጥገና ድንጋይ የሚፈልግ ሠራተኛ ከአፈር ተለይቶ፣ ተጠርቦ የተቀመጠ የሚመስል የድንጋይ ክምር ሲያገኝ ከዚያ የተሻለ ምቹ ነገር አያይም። አንድ ጊዜ የተነሳ ረድፍ ደግሞ የሠራው ብርድ ከሄደ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ስላለፉ ተመልሶ አይሠራም።

ስለዚህ የቀረው ሥራ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ምርምራዊ ነው፤ በሐረና ጠርዝ ላይ የበረዶው ደቡባዊ ወሰን በዕፅዋትና በናዳ ስለተሸፈነ፣ የተሻለ የከፍታ መረጃ በያዘ ምስልና በእግር በሚደረግ ማረጋገጫ እንደገና ሊታይ ይገባዋል፤ የአርሲ ተራሮችና የሰሜን ተራሮች ሞሬኖችም በአንድ ዓይነት ምልክትና መጠን ከባሌው ጎን ተሠርተው ሊነጻጸሩ ይገባል። ሁለተኛው አስተዳደራዊ ነው፤ እስካሁን በውጭ ቋንቋ በታተሙ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ያለው የቅርጾች ካርታ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መፍቻ ተዘጋጅቶለት፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳዎቹ የመንገድ ሠራተኞችና ለጎባና ሮቤ ትምህርት ቤቶች መድረስ አለበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ ረድፎቹና በናሙናነት ያገለገሉት የሞሬን ድንጋዮች ያሉባቸው ስፍራዎች ድንጋይ የማይነሳባቸው ተብለው በፓርኩ የአስተዳደር ዕቅድ ካርታ ላይ መስፈር ይኖርባቸዋል።